ወደ ላይ የሚያወጣ ሁሉ አያወርድም

ብቻዬን አለት መውጣት የጀመርኩት ድፍረት ለማሳየት አይደለም። ገመድ የሚይዝልኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ለአራት ዓመት አብራኝ የወጣችው ጓደኛዬ የሥራ ፈረቃዋ ወደ ማታ ተቀየረ። እኔ ጊዜ የማገኘው በሥራ ቀን ጠዋት ነው። እሷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ተኝታለች። ሁለት ወር ሙሉ ግድግዳው ሥር እየሄድኩ ሽቅብ አይቼ ተመለስኩ። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

በመጨረሻ ብቻዬን የምወጣበትን ዘዴ መፈለግ ጀመርኩ። ፍለጋው ሦስት ወር ፈጀ። የሞከርኩትን፣ ያጠፋሁትን እና የመረጥኩትን እንዳለ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። ከሰው ጋር በገመድ መውጣትን፣ ገመድ ከላይ ማሰርን እና በገመድ መውረድን ጠንቅቆ ለማያውቅ ሰው ይህ መማሪያ አይሆንም። ገመድ የሚይዝላችሁ ሰው ስህተታችሁንም ያይላችኋል። ብቻችሁን ስትሆኑ የሚያይ የለም።

ግድግዳው እና ገመዱ

ግድግዳው 24 ሜትር ነው። በጎን በኩል በእግር ተዙሮ አናቱ ላይ ይደረሳል። እዚያ ጠንካራ ቦልቶች፣ ማለትም አለቱ ውስጥ የተተከሉ የብረት ማሰሪያዎች፣ አሉ። ሐሳቤ ገመዱን ከላይ አስሬ ወደ ታች መልቀቅ፣ ከዚያ ከሥር ተነስቼ በዚያው ገመድ እየተጠበቅኩ መውጣት ነበር። ገመዱ ከቦታው አይነቃነቅም። የሚንቀሳቀሰው ወገቤ ላይ ያለው መያዣ ነው። ስወጣ አብሮኝ ይንሸራተታል፣ ስወድቅ ገመዱን ነክሶ ያስቀረኛል። ገመዱ ከላይ ሳይታሰር፣ ከሥር ይዞ ብቻ እየመሩ መውጣት ሌላ ነገር ነው። ለዚያ ተብሎ የተሠራው ሳይለንት ፓርትነር የሚባለው መሣሪያ ዛሬ አይመረትም። እኔም ወደዚያ አልገባሁም።

ሰው ሁሉ ስለ መያዣው ይጠይቃል። እኔ ግን መጀመሪያ መወሰን የነበረብኝ ገመዱን ነው። ይህን የተረዳሁት ስሌቱን በወረቀት ከሠራሁ በኋላ ነው።

እስከዚያ ድረስ የነበረኝ ለመውጣት የሚያገለግለው የተለመደው ተለጣጭ ገመድ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ነጠላ ገመድ የአውሮፓው ደረጃ፣ ኢኤን 892፣ 80 ኪሎ ሲንጠለጠልበት እስከ 10 በመቶ እንዲለጠጥ ይፈቅዳል። 8 በመቶ እንበል። የ24 ሜትር ገመድ 8 በመቶ ወደ 1.9 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብዬ ብወድቅ፣ መያዣው ሥራውን በትክክል ቢሠራም እንኳ እግሬ መሬት ይመታል። ያውም ገና ሳይሞቀኝ፣ ብዙ ጊዜ በምንሸራተትባቸው የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ።

ሌላም ጣጣ አለው። የሚለጠጥ ገመድ ከላይ ባለው የአለት ጠርዝ ላይ ይመላለሳል። በወደቅኩ፣ በተቀመጥኩ፣ በተነሳሁ ቁጥር ጠርዙ ገመዱን እንደ መጋዝ ይከረክረዋል።

ስለዚህ ወደ ጥቂት ተለጣጭ፣ ማለትም ብዙ ወደማይለጠጥ፣ ገመድ ሄድኩ። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 50 ሜትር ርዝመት። የዚህ ዓይነቱ ገመድ ደረጃ ኢኤን 1891 ሲሆን የሚፈቅደው መለጠጥ ቢበዛ 5 በመቶ ነው። የእኔው ከዚያም ያነሰ ነው። በምላሹ ግን የሚጠይቀው ዋጋ አለ። ትንሽ ልል ገመድ ካለና ከወደቃችሁ አያያዙ ደረቅ ነው፣ ወገብ ያስደነግጣል። ከዚያ ወዲህ ያደረግኩት ምርጫ ሁሉ ገመዱ እንዳይላላ ከማድረግ ጋር የተያያዘ ነው።

የሞከርኳቸው መንጋጋዎች

የሞከርኳቸው መያዣዎች ሁሉ የሚሠሩት ገመዱን በሆነ መንጋጋ በመጫን ነው። ልዩነታቸው መንጋጋው ምን ዓይነት ነው የሚለው ላይ ነው። አንዱን ከሌላው ከማወዳደሬ በፊት ለእያንዳንዱ ሁለት ጥያቄ አዘጋጀሁ። የማይይዘው መቼ ነው? ከያዘ በኋላስ እንዴት እወርዳለሁ? ሁለተኛውን ጥያቄ በወረቀት ላይ ጻፍኩት እንጂ መጀመሪያ ላይ በቁም ነገር አልያዝኩትም ነበር።

ሙከራዎቹን ያደረግኩት ጓደኛዬ እረፍት በሆነችባቸው ቀናት ነው። ከመሬት ብዙም ሳልርቅ፣ እሷ ሌላ ገመድ ይዛልኝ።

መጀመሪያ የተዋስኩት ፔትዝል የተባለው የመውጫ መሣሪያ አምራች የሚሠራውን ሻንት የሚባል መያዣ ነው። ጥርስ የለውም። ገመዱን ለስላሳ በሆነ መንጋጋ ይጫናል፣ ጭነቱ ሲበዛበትም የገመዱን የውጭ ልባስ ከመቅደድ ይልቅ ይንሸራተታል። ይህ ጠባዩ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። የታወቀ ደካማ ጎኑ ግን አካሉን በእጅ ጨብጠው ከያዙት መንጋጋው ሊነክስ አለመቻሉ ነው። ይህን አውቃለሁ። አውቄም ነው የሞከርኩት። «ልወድቅ ነው» ብዬ ለቀቅኩ፣ እጄ ግን ሳላዘው ሄዶ መሣሪያውን ጨበጠ። በሁለተኛ ገመድ ባልታሰር ኖሮ እስከ መሬት እንሸራተት ነበር። ደግሜ ሞከርኩ። ይሄኛውን ጊዜ እጄን ወደ አለቱ ዘርግቼ ለመያዝ ቆርጬ ነበር። አሁንም ጨበጥኩት። የሚወድቅ ሰው ያገኘውን ይይዛል፣ ይህ በልምምድ በቀላሉ የሚጠፋ አይደለም። ሻንትን መለስኩ። ለሌላ ሰው ይሠራ ይሆናል፣ ለእኔ እጅ ግን አይሆንም።

ቀጥሎ ግሪግሪ። ይሄ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ፣ ከታች ገመድ የሚይዝ ሰው የሚጠቀምበት፣ አለት የሚወጣ ሁሉ የሚያውቀው መሣሪያ ነው። አሁን ያለው ዓይነት ከ8.5 እስከ 11 ሚሊ ሜትር ገመድ ይቀበላል። ትልቁ ጥቅሙ መውረድ መቻሉ ነው። እጀታውን ቀስ ብሎ መሳብ፣ ሌላውን እጅ ከታች ባለው ገመድ ላይ ማቆየት፣ በቃ። ችግሩ ሲወጡ በራሱ አይንሸራተትም። በየሁለት እርምጃው ከታች ያለውን ገመድ በእጅ ስቦ ማጥበቅ ያስፈልጋል። አለቱ ቀላል ሲሆን ይቻላል። አስቸጋሪ ቦታ ላይ ግን ለመሳቢያ የሚተርፍ እጅ የለም። ልክ መውደቅ የሚመጣበት ቦታ ላይ ገመዱ ልል ሆኖ ይገኛል። ለብቻው ቢሆን አልወስደውም።

ሦስተኛው ማይክሮ ትራክሲዮን ነው። 85 ግራም፣ እስከ 11 ሚሊ ሜትር ገመድ። በመሠረቱ ዕቃ መጎተቻ ፑሊ (መዘውር) ነው፤ ውስጡ ጥርስ ያለው መንጋጋ ስላለ ገመዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያልፋል። ገመዱ ጫፍ ላይ ሁለት ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጌ ሳንጠለጥልበት መያዣው እንደ ቅቤ ይንሸራተት ጀመር። እዚያው ልቤ ወደደው። እጄ ገመድ ሳይነካ መውጣት ቻልኩ። ልል ገመድ የሚባል ነገር የለም።

ጥርሱ ግን ገመድ ይጎዳል። ለገመድ መንጋጋዎች ባለው የአውሮፓ ደረጃ፣ በኢኤን 567፣ መያዣው የሚፈተነው በ4 ኪሎ ኒውተን ነው። ይህ በግምት 400 ኪሎ የሚመዝን ነገር እንደማንጠልጠል ነው። ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ጥርሱ የገመዱን ልባስ ሊገፍ ይችላል። ገመዱ ሳይላላ በቀጥታ የሚወድቅ ሰው ወደዚያ አይጠጋም። አንድ ሁለት ሜትር ተላልቶ፣ በጥቂት ተለጣጭ ገመድ ላይ፣ ያውም አናቱ አጠገብ የሚወድቅ ሰው ግን ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ይህ መሣሪያ አንድ ነገር ያስገድዳል። ገመዱ ቢላላ ችግር ስለሆነ፣ እንዳልላላ ደጋግሞ መፈተሽ ነው።

የተንጠለጠልኩበት ጠዋት

ግድግዳው ከመሬት አራት ሜትር ላይ ወደ ውጭ ያበጠ ቦታ አለው። እዚያ ላይ ሆን ብዬ ወደቅኩ። ማይክሮ ትራክሲዮኑ ወዲያው ያዘ፣ ብዙም አልወረድኩም። ደስ አለኝ። ከዚያ ራሴን ተመለከትኩ። አየር ላይ ነኝ። እግሬ አለቱን አይነካም። ወደ ላይ የምይዘው የለም። ወደ ታች ደግሞ መንጋጋው ጭነት ተሸክሞ ሳለ አይከፈትም።

ጓደኛዬ ከታች ቁጭ ብላ ታያለች። ልትረዳኝ እንደማትሄድ ቀድመን ተስማምተናል። «እኔ እዚህ የለሁም እንበል» አለች።

ወገብና ጭን ላይ የሚታሰረው መታጠቂያ፣ ሃርነሱ፣ ጭኔ ላይ ሥጋዬን መጫን ጀመረ። መሣሪያውን በጥፍሬ ለመክፈት ሞከርኩ። አልሆነም። ክብደቴን ከላዩ ማንሳት አለብኝ፣ ለዚያ ደግሞ የምቆምበት ነገር ያስፈልገኛል። ጎኔ ላይ ዕቃ ለማንጠልጠል ያሰርኳት የ6 ሚሊ ሜትር ገመድ ነበረች። ፈታኋትና በዋናው ገመድ ላይ ፕሩሲክ ለመቋጠር ጀመርኩ፤ ገመዱ ላይ ተጠምጥሞ ክብደት ሲያርፍበት የሚይዝ ቋጠሮ ነው። ያስተዋወቀው ካርል ፕሩሲክ የተባለ ኦስትሪያዊ ተራራ ወጪ ነው፣ በ1931 (እ.ኤ.አ.)። መሬት ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እቋጥረዋለሁ። እዚያ ግን ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ ጣቶቼ ይንቀጠቀጡ ነበር። በመጨረሻ ያዘ። ጫፏን መርገጫ አደረግኳት፣ ቆምኩ፣ መንጋጋው ላላ። ከፈትኩት። ሁለተኛው ገመድ ላይ ተንጠልጥዬ ወረድኩ።

25 ደቂቃ ፈጅቷል። ለአራት ሜትር። እግሮቼ ደንዝዘው ለጥቂት ጊዜ መቆም አልቻልኩም። ሃርነስ ላይ ሳይንቀሳቀሱ ተንጠልጥሎ መቆየት በራሱ አደገኛ መሆኑን ማንበብና በጭን መስማት የተለያዩ ናቸው። ብቻዬን ብሆን፣ 20 ሜትር ላይ፣ ያቺ ትንሽ ገመድም ባትኖርስ?

ከዚያ ቀን በኋላ ምርጫዬን እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ። «የትኛው መያዣ ይሻላል» የሚለውን ተውኩት። «ከያዘኝ በኋላ በምን እወርዳለሁ፣ እሱስ ባይዝ ምን ይይዘኛል» ብዬ ጠየቅኩ። የፔትዝል የራሱ ማሳሰቢያም በአንድ መያዣ ብቻ አትመኩ ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ አንድ ገመድ ላይ ሁለት ጥርሳም መያዣ ይደራርባል። እኔ ግን እዚያ ላይ አልተስማማሁም። የልብስ ጨርቅ ጥርሱ ውስጥ ቢገባ፣ ጭቃ ቢጠቀጥቀው፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሚበላሹት። ገመዱ ጠርዝ ላይ ቢቆረጥ ደግሞ ሁለትም ይሁን ሦስት መያዣ ለውጥ የለውም። መጠባበቂያ የሚባለው በሌላ ምክንያት የሚወድቅ መሆን አለበት።

የወሰንኩት

50 ሜትሩን ገመድ መሃሉ ላይ አስሬ ሁለት ዘርፍ አደረግኩት። እያንዳንዱ ዘርፍ በራሱ ስምንት ቁጥር ቋጠሮ ከሁለቱም ቦልት ጋር ተያይዟል፣ አንዱ ቢቆረጥ ሌላው ይቀራል። ሁለቱ ዘርፎች የአለቱን ጠርዝ የሚነኩት አንድ ክንድ በሚያህል ርቀት ነው፣ ሁለቱም ላይ የገመድ መከላከያ ሸራ አለ።

ግራው ዘርፍ ላይ ማይክሮ ትራክሲዮን። የሃርነሱ መሃል ቀለበት ላይ፣ በሞላላ ባለ መቆለፊያ ካራቢነር (የብረት ማያያዣ ቀለበት)። ትከሻዬ ላይ በሚያልፍ ቀጭን ላስቲክ ወደ ደረቴ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ካልሆነ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ገመዱን በትክክል አይቀበልም። ላስቲኩን አንገቴ ላይ አላደርገውም። የካራቢነሩ ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ሞላላ ካራቢነር በርዝመቱ ቢያንስ 18 ኪሎ ኒውተን እንዲሸከም ይጠበቃል፣ በጎኑ ሲጫን ግን የሚጠበቀው 7 ብቻ ነው። ሲወጡ በሚፈጠረው መንቀሳቀስ ካራቢነሩ ቀስ ብሎ ይዞርና ጎኑን ይሰጣል። እኔ ቦታውን የሚይዝ ትንሽ ጎማ አድርጌበታለሁ።

ቀኙ ዘርፍ ላይ ግሪግሪ፣ በሌላ ካራቢነር። ዋና መያዣ አይደለም። ጥሩ መቆሚያ ባገኘሁ ቁጥር ገመዱን ስቤ አጠብቀዋለሁ፣ ከሥሩም አንድ ቋጠሮ እሠራለሁ። ወደ አናቱ በቀረብኩ ቁጥር ቶሎ ቶሎ እስባለሁ፣ ምክንያቱም ከላይ የቀረው ገመድ አጭር ሲሆን የመውደቁን ኃይል የሚውጥ ነገር የለም። ግሪግሪ ለብቻ መውጫ ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ ገመድ ለሚይዝ ሰው ነው የተሠራው። ይህን ደብቄ አላልፍም። እኔ እዚህ ያስገባሁት ስለሚያወርደኝ ነው።

መውረጃው አሁን እንዲህ ነው። ብወድቅ ማይክሮ ትራክሲዮኑ ይይዘኛል። ግሪግሪውን እስከሚቻለው አጠብቃለሁ። ጎኔ ላይ ሁልጊዜ ባለችው ፕሩሲክ ላይ ቆሜ ለአንድ አፍታ ክብደቴን አነሳለሁ፣ የቀረውን ልል ገመድ በግሪግሪው እስባለሁ፣ እቀመጥበታለሁ። ክብደቴ በግሪግሪው ላይ ካረፈ በኋላ ማይክሮ ትራክሲዮኑን እከፍታለሁ፣ ፕሩሲኳን አነሳለሁ። ከዚያ ከግሪግሪው ሥር ያሉትን ቋጠሮዎች እየፈታሁ እወርዳለሁ። ያችው ያበጠች ቦታ ላይ በሰዓት ለካሁት። ሦስት ደቂቃ። አሥር ጊዜ ደገምኩት፣ ሁለቱን በጓንት፣ አንዱን በግራ እጅ ብቻ።

ታዝ ሎቭ የሚባለውን አስቤበት ነበር። አብሮ የሚንሸራተት፣ የሚይዝ፣ የሚያወርድም መሣሪያ ነው። ያኔ በእጄ ይዤ ልፈትነው ስላልቻልኩ ተውኩት። ሳልወድቅበት የማምነው መሣሪያ እንዳይኖረኝ ወስኛለሁ።

አንድ ቀን ሳላስተውል

ዘዴው ከተጠናቀቀ በኋላ ባለው በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ጠዋት ነው። ዝናብ ሊመጣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ እኔ ደግሞ አንድ ዙር ሳልወጣ መመለስ አልፈለግኩም። ገመዱን ማይክሮ ትራክሲዮኑ ውስጥ አስገባሁ፣ ዘጋሁ፣ ካራቢነሩን ቆለፍኩ። የመጀመሪያውን መያዣ ድንጋይ ጨበጥኩ።

ቆም አልኩ። ከመነሳቴ በፊት ሁልጊዜ መቀመጥ አለብኝ። ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ በገመዱ ላይ ተቀመጥኩ። ገመዱ እየሾለከ አለፈ፣ መሬት ላይ በቂጤ ተቀመጥኩ። መሣሪያው ተራ ፑሊ ሆኖ እንዲሠራ መንጋጋው ተከፍቶ የሚቆለፍበት መንገድ አለው። ባለፈው ወርጄ ስፈታው ከፍቼ ቆልፌው ነበር፣ እንደዚያው ሆኖ ከቦርሳ ወጣ። ከውጭ ሲታይ ሁሉ ነገር በቦታው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያን ቀን ስህተቱ የእኔ እንጂ የመሣሪያው አይደለም።

አልወጣሁም። ዝናቡ እስኪመጣ እዚያው ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቴ ተቀይሯል። መሣሪያው ከቦርሳ ሲወጣ መጀመሪያ መንጋጋውን በጣቴ እነካለሁ፣ ሲመለስ እሰማለሁ፣ የምትሰማ ትንሽ «ጠቅ» አለች። ገመዱን ካስገባሁ በኋላ ወደ ላይ እስባለሁ፣ ወደ ታች እስባለሁ። ከዚያ እቀመጣለሁ። ከዚያ ግሪግሪውንም ለየብቻ እቀመጥበታለሁ። የሸሚዜን ጫፍ ሱሪዬ ውስጥ አስገባለሁ፣ ክር ያለው ኮፍያ አላደርግም። ጥርስ የተባለ ነገር ጨርቅ ይወዳል።

ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ገመዱን በባዶ እጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ እደባብሰዋለሁ። በሁለተኛው ወር ከላይ ሦስት ሜትር አካባቢ ልባሱ እንደ ሱፍ ተበጣጥሶ አገኘሁት። ሁልጊዜ የምወድቅበት አስቸጋሪ ቦታ ላይ ስደርስ ጥርሱ የሚነክሰው ያንኑ ስፍራ ነበር። አሁን በየጥቂት ቀኑ የገመዱን ማሰሪያ በግማሽ ሜትር አዛውራለሁ፣ ንክሻው አንድ ቦታ እንዳይከማች።

ጓደኛዬ አሁንም ማታ ትሠራለች። ከመውጣቴ በፊት የት እንዳለሁና ስንት ሰዓት እንደምጨርስ እጽፍላታለሁ፣ ስወርድ «ወርጃለሁ» እላታለሁ። ሰዓቱ ካለፈ ከእንቅልፏ የሚያስነሳት ማንቂያ ሞልታለች። አንዴ ረስቼ ሳልጽፍላት ቀርቼ፣ የሌሊት ልብሷን ሳትቀይር ግድግዳው ሥር ደርሳ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁም።

የግድግዳው ግራ ጎን አንድ የምወደው መስመር አለ። ከቦልቶቹ በታች ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ አራት ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሄዳል። እዚያ ብወድቅ መያዣው ቢይዘኝም እንደ ፔንዱለም ተወዛውዤ ከጥግ ድንጋይ ጋር እላተማለሁ። ገመዱም ጠርዙ ላይ ወደ ጎን ይሳባል። የትኛውም መንጋጋ ይህን አይፈታውም። እሱን መስመር አልነካሁትም። ፈረቃዋ ሲቀየር አብረን እንወጣዋለን።